እናቴ ፊቷን የምትሸፍንበት ኩርባ

«በራስሽ ተማመኚ» የሚለውን ምክር መጀመሪያ የተናገረው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ቤቱ ድረስ ሄጄ እጣላው ነበር። ምክሩ ውሸት ሆኖ አይደለም። ያገኘኝ ሁሉ ይህንኑ ብሎኝ ይሄዳል፤ እንዴት እንደሚደረግ ግን አንድም ሰው ነግሮኝ አያውቅም። የራበውን ሰው «ጥገብ» ብሎ እንደመሄድ ነው። አሁን የማወራችሁ ያ ምክር እስከ አንገቴ በሞላኝ ሰሞን የሆነውን ነው።

አዝመራ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። አባቴ ገና በልጅነቴ ስለሞተ እናቴ ገበያ ላይ ድንችና ነጭ ሽንኩርት እየሸጠች ብቻዋን አሳደገችኝ። ያን ጊዜ የአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ሯጭ ነበርኩ። በልምምድ የሚቀድመኝ አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ አብረውኝ የሰለጠኑት ሁሉ ይመሰክራሉ። ማለዳ ከከተማው ወጥተን ዳገቱን ስንይዘው ከፊት እኔ ነኝ፤ ስንመለስም ከፊት እኔ ነኝ።

ውድድር ሲሆን ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። እስከ መጨረሻው ዙር እመራለሁ። ከመጨረሻው ኩርባ ስወጣ እግሬ ይከዳኛል። ድካም እንዳይመስላችሁ፤ ድካምንማ አውቀዋለሁ። ትንፋሼ እያለ፣ ጉልበቴ እያለ፣ እግሬ የሰው እግር ይሆንብኛል። አንዷ ታልፈኛለች፣ ሌላዋ ትከተላታለች፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ እገባለሁ። የዞን ውድድር ላይ እንዲህ ሆንኩ፤ በዓመቱም እንዲሁ። ሉማሜ በተደረገ ውድድር ላይማ ገና ለመሮጥ ሳሟሙቅ ከሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጡ ጎረምሶች «ያች መጨረሻ ላይ የምትቆመዋ መጣች» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ደግሞ አልነበረም። አሰልጣኛችን ጋሽ ሙሉቀን «ሥነ ልቦና ነው» አለ። አጎቴ «ሥጋ አትበላም፣ በምን አቅሟ ትጨርስ?» አለ። ጎረቤታችን እማሆይ ደግሞ «ዓይነ ጥላ ነው፤ ነገሯ ሁሉ ሊሞላ ሲል የሚሰናከለው ለዚህ ነው። ጸበል ትግባ» አሉ። ጸበሉንም ተጠመቅኩ፣ ሥጋውንም በላሁ፣ የጋሽ ሙሉቀንን ምክርም ሰማሁ። ኩርባው ግን ያው ኩርባ ነው።

እኔ በበኩሌ ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር ነበረኝ። እናቴ ማርቆስ ውስጥ በማደርገው ውድድር ሁሉ ትመጣለች። የምትቆመውም አንድ ቦታ ነው፤ የመጨረሻው ኩርባ ላይ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ነጠላዋን ከራሷ ላይ ሳብ አድርጋ ፊቷን ሙሉ በሙሉ ትሸፍናለች። እዚያ ስደርስ ዓይኔ ሳላዘው ወደ እርሷ ይሄዳል። የማየው ነጠላ ብቻ ነው፤ ፊት የለውም። ሌላ ከተማ ስሮጥም ኩርባው ላይ ያው ነጠላ ዓይኔ ላይ ይመጣብኛል። የወለደችኝ እናት እንኳ ልታየኝ ካልደፈረች ማን ሊያምንብኝ ነው? ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ነግሬአችኋለሁ።

እንዲህ እያለሁ አንድ ትልቅ ክለብ ከአዲስ አበባ መልማዮች ሊልክ ነው ተባለ። ውድድሩ ቅዳሜ እኛው ሜዳ ላይ ይደረጋል፤ ከኔ ርቀት የሚወሰዱት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው። ክለብ መግባት ማለት ደመወዝ ነው፣ መኝታ ነው፣ ደህና ጫማ ነው፣ ሲያምሽ የሚያይሽ ሐኪም ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዕድሜዬ ለምልመላው ያልፍ ነበር። ካልተመረጥኩ የሚጠብቀኝ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ድንች መመዘን ነው። ድንቹን ንቄ አይደለም፤ ያሳደገኝ እርሱ ነው። ግን ለድንች ብዬ በየማለዳው ዳገት አልወጣሁም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሙሉቀን ልምምድ አስቀርቶ አንድ አዳራሽ ሰበሰበን። አነቃቂ ንግግር የሚያደርግ ወጣት አምጥቶልናል። ሰውየው ጠባብ ሱሪ ለብሷል፣ ማይክራፎን ይዟል፤ ክፍሉ ግን ያለ ማይክራፎንም የሚሰማበት ነበር።

«ተነሡ! ዓይናችሁን ጨፍኑ! እኔ አሸናፊ ነኝ በሉ!»

አልን። አጠገቤ የቆመችው ሰሚራ በጆሮዬ «እኔ እንኳ አይደለሁም፤ አሸናፊ የሱቃችን ዘበኛ ነው» አለችኝ። ሰሚራ ጓደኛዬ ናት። አባቷ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። የምትሮጠውም እኔ የምሮጠውን ርቀት ነው፤ ማግስቱን የምንቀማማው አንድ እንጀራ ነበር። ሳቄ ሲያመልጠኝ ሰውየው ጣቱን ቀሰረብኝ።

«አንቺ! ማነሽ?»

«አዝመራ።»

«ስምሽን አልጠየቅኩሽም! ማነሽ?»

«ሯጭ።»

«አይደለም! በራሷ የምትተማመን አሸናፊ ነሽ! ይኼው ነው ችግርሽ!» አለና ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጋሽ ሙሉቀን «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን አየኝ። የት ልግባ? ለማያውቀኝ ሰው ችግሬን ነግረውብኛል ማለት ነው። ከዚያ አዳራሽ በሩን ደርግሜ ወጣሁ።

ወደ ቤት ስንሄድ ሰሚራ ክንዴን ያዘችና፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ? አትቆጭም?» አለችኝ።

«እቆጣለሁ። ንገሪኝ።»

«የመጨረሻው ኩርባ ላይ ዞር ትያለሽ። ሁልጊዜ። እኔ ከኋላሽ ስለሆንኩ አያለሁ። ዞር ትይና ወዲያው ትከሻሽ ይወርዳል። ማንን ነው የምትፈልጊው?»

«ማንንም» አልኩ። እርምጃዬን አፈጠንኩ። ለካ ለማንም ያልተናገርኩትን ነገር አንገቴ ሲናገር ኖሯል።

ስገባ እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ድንች ትመርጣለች። የበሰበሰውን ወደ ባልዲ፣ ደህናውን ወደ ጆንያ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የጀመርኩት።

«እምዬ፣ ነገ አትምጭ።»

«የት?»

«ሜዳው። ነገ እንዳትመጭብኝ።»

እጇ ላይ ያለውን ድንች እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ። «ምን አድርጌሽ ነው ልጄ?»

«ፊትሽን ትሸፍኛለሽ! እኔ እየሮጥኩ አንች ፊትሽን ትሸፍኛለሽ። ገና ሳልሸነፍ አልቅሰሽ ትጨርሻለሽ። ነገ መጨረሻዬ ነው፤ በነገው ቀን እዚያ ቆመሽ ላይሽ አልፈልግም።»

አፏን ከፈተች። አንድ ነገር ልትል ነበር። መልሳ ዘጋችውና «እሽ» አለች፤ እሽ ብቻ። ድንቹን መምረጥ ቀጠለች። ትንሽ ቆይቼ ሳያት ደህናውን ወደ ባልዲ እየጣለችው ነው። ይቅርታ ልበላት አልኩና ተናድጄ ስለነበር ተውኩት።

ጠዋት ስነሣ የለችም። በሶ በጥብጣ፣ ሳህን ከድናበት ሄዳለች። የገበያ ቀን ስለሆነ ድንቿን ይዛ ቀድማ የወጣች መሰለኝ። ባለመምጣቷ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ በራሴ ተናደድኩ።

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ሜዳው ጨቅይቷል። በኖራ የተሰመረው መስመር ግማሹ ታጥቧል። መልማዮቹ ሰዓት መያዣቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ብርድ ስላልለመደ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቷል። ከኛ በፊት የሮጡት ታዳጊ ሴቶች ነበሩ። ኩርባው ላይ ሲደርሱ አንዷ ልጅ በጭቃው አዳልጧት ወደቀች፤ ከኋላዋ የነበረችው ልጅ ጫማ ሥር ያለው ሹል ብረት ቅልጥሟን ተረተራት። ደሟ ካልሲዋን አጠበው።

የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ግን ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ደግሞ ቁርስ ሊበላ ወጥቷል። «ደውሉለት! የት ነው የሚበላው?» እየተባለ ሲጯጯኹ ከሰው መሐል አንዲት ሴት ወጣች። ነጠላዋን ከላይዋ ገፈፈች፣ ጥለቱን በጥርሷ ያዘችና ቀደደችው። ልጅቷ እግር ሥር ተንበርክካ ቁስሉን ጠቅልላ አሰረችላት፤ የተረፈውን ደግሞ ብርድ እንዳይመታት ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። ቀና ስትል እናቴ ናት።

ደሜ ፈላ። ሮጬ ሄድኩ።

«አትምጭ ብዬሽ አልነበረም?»

ራሷ ላይ ያለው ሻሽ ብቻ ነው። ያለ ነጠላ አደባባይ ቆማ አይቻት ስለማላውቅ ያነሰች መሰለችኝ። እጇ ላይ የልጅቷ ደም አለ።

«አላይሽም» አለች፣ ልመና በሚመስል ድምፅ። «ወደ ዛፉ ዞሬ ነው የምቆም። ድምጡን ብቻ ልስማ ብየ ነው የመጣሁ።»

«ለምንድን ነው የማታይኝ? ታፍሪብኛለሽ?»

በጥፊ የመታኋት ያህል ወደ ኋላ አለች። «ማፈር? እኔ? ባንች?» ዙሪያዋን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «መጀመሪያ ቀን የሮጥሽ ለታ ትዝ ይልሻል? ሁሉን ጥለሽ ብቻሽን ስትመጭ፣ ዓይኔን አልነቀልሁም። አቤት ይች ልጅ! አልሁ በሆዴ። ወዲያው እግርሽ ተሳሰረ። የራሴ ዓይን ነው የበላሽ፣ ልጄ። የወደደ ዓይን ይብሳል። ከዚያ ወዲህ ስትቃረቢ እሸፍነዋለሁ፤ እንዳይነካሽ ብየ።»

ምን ልበላችሁ? ያን ቀን እግሬ የተሳሰረው ጀማሪ ስለነበርኩ፣ ጉልበቴን በመጀመሪያው ዙር ስለጨረስኩ ነበር። ማንም ዓይን አልነካኝም። እርሷ ግን እንዳትጎዳኝ ብላ ትሸፈናለች፤ እኔ ተስፋ ቆርጣብኛለች ብዬ እቆማለሁ፤ ስቆም ደግሞ ዓይኗ በነጠላው አልፎ ያገኘኝ ይመስላትና በሚቀጥለው አጥብቃ ትሸፈናለች። ይህን ሁሉ ዓመት! ጸበል፣ ሥጋ፣ ማይክራፎን! አንድ ቤት እያደርን፣ ከአንድ ሰሃን እየበላን፣ አንዳችን ሌላችንን «ለምን?» ብለን ሳንጠይቅ!

በድምፅ ማጉያው «ሴቶች አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ ወደ መነሻ!» ተባለ። ጋሽ ሙሉቀን ስሜን እየጠራ ነው።

«ስሚኝ፣ እምዬ። የምቆመው ስትሸፍኝው ነው። ፊትሽን ሳጣው ነው። ዛሬ እይኝ።»

«ኧረ ልጄ...»

«ብወድቅም እይኝ።»

«ብትሸነፊሳ?»

«ስሸነፍም እይኝ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እኔም ጥያት ወደ መነሻው ሮጥኩ።

ተኩሱ ሲሰማ ክርን ለክርን ተገፋፍተን ወጣን። ጭቃው ጫማችን ላይ እየተለጠፈ ያከብደናል። ጋሽ ሙሉቀን ከዳር ሆኖ «በራስሽ ተማመኚ!» ይላል፤ እኔ ደግሞ በሆዴ «ዝም በል!» እላለሁ። በሁለተኛው ዙር ፊት ወጣሁ። ሰሚራ ከኋላዬ ናት፤ ትንፋሿን አውቀዋለሁ። ከእርሷ ኋላ ማንም የማያውቃት፣ ከደብረ ወርቅ በኩል የመጣች አንዲት ረጅም ልጅ ነበረች።

ደወሉ ተደወለ። የመጨረሻው ዙር። ኩርባው እየቀረበ ሲመጣ ለራሴ «አትዙሪ» አልኩ። አትዙሪ፣ አትዙሪ፣ አትዙሪ። ዞርኩ።

እናቴ ወደ ዛፉ አልዞረችም። እጇ በልማድ ነጠላውን ፍለጋ ትከሻዋ ላይ ወጣ፤ ነጠላ የለም። መዳፏን ፊቷ ላይ ልትከድን አነሣችው። ከዚያ በሌላ እጇ ያንን እጅ ያዘችና ወደ ታች ጎተተችው። ከመደርደሪያ ሊወድቅ ያለ ብርጭቆ እንደሚያይ ሰው ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። ፊት አላት። የእናቴ ፊት፣ የፈራ፣ የተጨማደደ፣ ወደኔ የዞረ ፊት።

እግሬ እስኪከዳኝ ጠበቅኩ። አልከዳኝም። ከኩርባው ስወጣ የኔው እግር ነበር፤ ያመኛል፣ ይቃጠላል፣ ግን ይታዘዘኛል። በልምምድ የማውቀው እግር በውድድር ሲመጣልኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ግን ዞር ብዬ ነበር። ዞር ባልኩባት ቅጽበት ረጅሟ ልጅ በውጭ በኩል ወጥታለች፤ ሰሚራም ተከትላታለች። ሦስታችንም ትከሻ ለትከሻ ሆንን። ያለኝን ሁሉ አወጣሁ። የቀረ ነገር አልነበረኝም። መስመሩ ላይ ደረታችንን ሰጠን፤ ረጅሟ አንደኛ፣ ሰሚራ ሁለተኛ፣ እኔ በአንድ ክንድ ያህል ተቀድሜ ሦስተኛ።

የሚወሰዱት ሁለት ናቸው።

ሣሩ ላይ ተዘርግቼ መሬቱን በጡጫ መታሁት። በዚያን ቀን እግሬ ስላልከዳኝ ደስ ሳይልሽ አልቀረም ትሉ ይሆናል። ደስ አላለኝም! እግሬ በታዘዘኝ ቀን መሸነፍ ከቀድሞው ይብሳል፤ የሚያሳብቡበት ነገር የለም። ጋሽ ሙሉቀን መጥቶ «ዋናው መሳተፍ ነው» ሲለኝ ጫማዬን አውልቄ ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም። ሰሚራ ጎኔ ቁጭ ብላ መደሰቱም ማዘኑም አቅቷት ጀርባዬን ታሻለች።

ከዚያ ጭቃ የለበሰ ጎማ ጫማ ፊቴ ቆመ። ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። ታለቅሳለች ብዬ ነው።

«ይኸው ነው?» አለች እናቴ።

«ምኑ?»

«መሸነፍ የሚሉት። ይኸው ነው?»

ቀና አልኩ። አላለቀሰችም። ፊቷ ላይ ያለው ብስጭት ነው፤ ገበያ ላይ የተታለለች ጊዜ የምትበሳጨው ብስጭት።

«ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ ዘመን ፊቴን የሸፈንሁ? አልሞትሽ! ሦስተኛ ነው የወጣሽው እኮ! በይ ተነሽ፣ መሬቱ እርጥብ ነው፤ ሆድሽን ይበርድሻል።»

ሳቅና ለቅሶ አብረው መጡብኝ። ስነሣ ግን እርሷ ጥላኝ ወደ መልማዮቹ እየሄደች ነው።

«እምዬ! ወዴት ነው?»

«ያች ረጅሟ በክርኗ ገፍታሻለች! በዓይኔ አይቻለሁ!» አለች። በዓይኔ የምትለውን ቃል ረገጥ አድርጋ ነው የተናገረችው። አልገፋችኝም። ሮጬ ክንዷን ይዤ መለስኳት፤ እጁን ብብቱ የከተተው መልማይ ግን እስከ መጨረሻው በስጋት ሲያያት ነበር።

ታሪኬን የሚሰማ ሰው እዚህ ሲደርስ «ከዚያ በኋላ ግን ወሰዱሽ፣ አይደል?» ይለኛል። አልወሰዱኝም። ሰሚራ ሄደች፤ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቻት ተመልሼ ድንች መዘንኩ። አልዋሻችሁም፣ በጣም አመመኝ። አሁንም ስለዚያች አንድ ክንድ ሳስብ ያመኛል። ባልዞር ኖሮ! እናቴን ከዚያ ቀን በፊት ጠይቄአት ቢሆን ኖሮ መዞርም ባላስፈለገኝ ነበር። የሚያበሳጨኝ እርሱ ነው።

ልምምዴን ግን አላቆምኩም። ቆይቶ ዕድሜ የማይቆጥር አንድ ትንሽ ክለብ ወሰደኝ፤ ደመወዙም እንደ ክለቡ ትንሽ ነው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አሸንፌአለሁ፣ ተሸንፌአለሁ፤ እግሬ ግን ኩርባ ላይ ቆሞብኝ አያውቅም። በራሴ መተማመን ጀመርኩ ይሆን? እኔ እንጃ። እኔ የማውቀው ስሸነፍ ያየኝ ሰው እንዳለና ያም ሰው እንዳልሞተ፣ እኔም እንዳልሞትኩ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያስፈራ ነገር አላገኘሁም።

እናንተ በየሜዳው ዳር፣ በየፈተናው በር ላይ የምትቆሙ እናቶችና አባቶች፣ ልለምናችሁ። ለልጃችሁ ማይክራፎን የያዘ ሰው አታምጡለት። ፊታችሁን ብቻ አትሸፍኑበት። የምትሸፍኑበት ምክንያት ካላችሁም ንገሩት፤ ልጅ ባዶ ነጠላ ሲያይ የሚሞላበት የራሱን ፍርሃት ነው።

እናቴ አሁን ችግሯ ሌላ ሆኗል። በአውቶቡስ ትመጣለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች፣ የመጨረሻው ኩርባ ላይ ትቆማለች። ዝም ግን አትልም። ባለፈው ውድድር ዳኛውን ስትሰድብ ሰውየው ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ «ይህች ሴት የማን እናት ናት?» ብሎ ጠየቀ። ገና መግባቴ ነበር፤ እያለከለክኩ እጄን አነሣሁ። አራተኛ ነበርኩ። ተናድጃለሁ፤ ማሸነፍ ነበር የፈለግኩት። ከኩርባው ማዶ «አየሁሽ!» ስትል ሰማኋት፤ ሜዳው ሁሉ ሰማት።